የአንቀጽ አሥራ ሰባት «ወይም»

ቢፍቱ ሁሴኖ ሕግ የሚባለውን ነገር በወሬ አታምንም። አሰላ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት ስትሠራ፣ የክልሉ የሕግ ጋዜጣ በወጣ ቁጥር ቀድሞ የሚደርሰው እሷ እጅ ነበር። ጥቅሉን ትፈታለች፣ ገጹን ትቆጥራለች፣ ከዚያም ማስመሪያዋን አግድም አስቀምጣ የኦሮምኛውን ዓምድ ከጎኑ ካለው የአማርኛ ዓምድ ጋር መስመር በመስመር ታመሳክራለች። ይህን አድርጊ ብሎ ያዘዛት ሰው የለም። ሥራዋ ጋዜጣውን ጠርዛ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነበር። ነገር ግን ሥራ በገባች በሁለተኛው ዓመት አንድ መመሪያ በአማርኛ «ሠላሳ ቀን»፣ በኦሮምኛ «ስድሳ ቀን» ሲል አግኝታ ለአለቃዋ ብታሳይ፣ ሰውየው መነጽሩን አውልቆ «አንቺ ልጅ፣ ሌላ ሥራ የለሽም?» አላት። ከዚያ ወዲህ አንድም ወረቀት ሳታመሳክር አሳልፋ አታውቅም።

ጡረታ ወጥታም ጠባዩ አልለቀቃትም። ወተት የምታመጣላትን ሴት እያየቻት ወተቱን ጥፍሯ ላይ ጠብ አድርጋ ውፍረቱን ትመለከታለች። ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ አጠገቡ ቆማ አብራው ታነባለች። ባሏ በሕይወት ሳለ «ሚስት ነው ያገባሁት ወይስ ኦዲተር?» ይላት ነበር። እሱ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አንዲት ልጇም ሐዋሳ አግብታ ትኖራለች። ቢፍቱ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ሰማዩ ሲጠራ የጭላሎ ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት ግቢ ብቻዋን ናት። ብቻዋን ብትሆንም ሬዲዮዋ ቀኑን ሙሉ አይዘጋም።

ነገሩም የጀመረው በሬዲዮ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስንዴው ታጭዶ ሳያልቅ፣ የጠዋቱ ዜና ስለ ጦር መሣሪያ ምዝገባ የተዘጋጀ ረቂቅ አዋጅ ለክልሉ ምክር ቤት፣ ለጨፌው፣ ቀርቦ ለዝርዝር እይታ ወደ ቋሚ ኮሚቴ እንደተመራ በአንድ አረፍተ ነገር ተናገረና ወደ ስፖርት አለፈ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኳ ጠራ። ታናሽ ወንድሟ ኢርሻድ ነው፤ ከጎበሳ ወጣ ብሎ በአባታቸው መሬት ላይ ገብስና ባቄላ የሚያርሰው።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«የአባባን ነገር ይወስዱታል ማለት ነው?»

የአባባ ነገር አንድ አሮጌ ምንሽር ነው። አባታቸው ሁሴኖ በንጉሡ ዘመን ከብት ለመጠበቅ የገዙት ነበር። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ የያዢነት ወረቀት ሰጥቷቸው ነበር፤ ወረቀቱ ግን ቤታቸው የተቃጠለ ዓመት አብሮ ነደደ። ሽማግሌው ሲሞቱ ላሞቹ ለቢፍቱ፣ መሬቱና ምንሽሩ ለኢርሻድ ደረሱ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ድሮ ሠርግ ሲኖር ይወጣ ነበር። ጊዜው ሰው ጎረቤቱን በጎን ማየት የጀመረበት ጊዜ ሲሆን ግን ኢርሻድ የት እንደሚያስቀምጠው ለሚስቱም መንገር አቆመ። «ጠመንጃ» የሚለውን ቃል ደግሞ በስልክ ጨርሶ ከአፉ አያወጣውም።

«ምን እንደሚል ሳላይ ምንም አልልህም» አለችው።

«መች ታይዋለሽ?»

«ሳገኘው።»

ያገኘችው ከኖህ ነው። ኖህ ወላጆቹ ከከምባታ መጥተው አሰላ የቀሩ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ነው። ጠበቆች የሚያባዙት ሁሉ በእሱ እጅ ስለሚያልፍ ከተማው ውስጥ ከእሱ ቀድሞ ወረቀት የሚያይ የለም። አሥራ አንድ ገጽ፣ አማርኛ ብቻ፣ አንድ ቅጂ አወጣላት። ቢፍቱ እዚያው ቆማ አገላበጠችው። ቀን የለውም። ሸኚ ደብዳቤ የለውም። ሰባተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«ይህ ገጽ ለምን ፊደሉ ተለየ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ወይዘሮ ቢፍቱ፣ እንደመጣ ነው ያባዛሁት።»

«ከማን መጣ?»

ኖህ ሳቅ ብሎ ወደ መንገዱ አየ። «ከሰው» አላት።

ሰባተኛው ገጽ ላይ ያለው አንቀጽ አሥራ ሰባት ነው። ንዑስ አንቀጽ ሁለት እንዲህ ይላል፤ የጦር መሣሪያ በውርስ የደረሰው ሰው የሟችን ፈቃድ ወይም የሦስት የአካባቢ ሽማግሌዎችን ምስክርነት ሲያቀርብ ይመዘገብለታል። ቢፍቱ ይህችን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበበቻት አታውቅም። ፈቃድ የላቸውም፤ ሽማግሌ ግን ሞልቷል። የአባቷን ምንሽር ያላየ ሽማግሌ በዚያ አገር የለም። ስለዚህ «ወይም» የምትለው ቃል ለኢርሻድ ሙሉ ሕጉ ማለት ናት።

ደወለችለት። «ረቂቅ ነው» አለችው፤ «ማኅተም የለውም፣ ቀን የለውም፣ ነገ ሊለወጥ ይችላል። እንደተጻፈው ከሆነ ግን ሦስት ምስክር ይበቃል።» ኢርሻድ የሰማው «ይበቃል» የሚለውን ብቻ ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ ሦስት ሽማግሌ ቤት ሄዶ ነገሩን አዋየ። ስንት ዓመት በሹክሹክታ የኖረ ነገር በሳምንት ውስጥ ሦስት ቤት ገባ።

የኢርሻድ ብቻ አልነበረም። ቢፍቱ መዝገብ ቤት እንደነበረች የሚያውቅ ሰው ሁሉ እየመጣ ይጠይቃት ጀመር። ከሲሬ የመጣ አንድ ነጋዴ የአጎቱ ሽጉጥ ነገር አስጨንቆታል። አንዲት ባልቴት ባሏ የጥበቃ ሠራተኛ ሳለ የያዘው ነገር አለ፣ መሥሪያ ቤቱ ፈርሷል፣ ለማን ትመልስ? ቢፍቱ ለሁሉም «ረቂቅ ነው፣ ጠብቁ» ትላለች። ከዚያ በአንድ ደብተር ላይ ጥያቄውን ትመዘግባለች። ስም አትጽፍም። «በውርስ፣ ወረቀት የሌለው፣ ሲሬ» ብላ ብቻ ነው የምታሰፍረው፤ ረቂቁ ለየትኛው ጉዳይ መልስ እንደሌለው ለማየት። ሰው ግን ያየው ደብተሩንና እስክሪብቶውን ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ አስያ በአጥሩ በኩል ጠራቻት። አስያ ከስልጤ የመጣች፣ የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ለወሬ የማትቸኩል ሴት ናት።

«ቢፍቱ፣ ሳትቀየሚኝ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቂኝ።»

«የምትጽፊው ለማን ነው?»

«ለራሴ።»

አስያ የሻርፗን ጫፍ እየጠቀለለች ቆየች። «እኔ አምንሻለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሰው ግን ጡረታ ላይ ሳለች ለፖሊስ ተቀጥራለች እያለ ነው። ማን ቤት ምን እንዳለ ትመዘግባለች ይላሉ። ደብተሩን ብታስቀምጪው?»

ቢፍቱ ደብተሩን አላስቀመጠችም። በዚያው ሳምንት አንድ ለቅሶ ቤት ስትገባ ግን ወንዶቹ በተቀመጡበት በኩል ሲሰማ የነበረው ወሬ ድንገት ተቋረጠ፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ። በማግስቱ ከሲሬ የመጣው ነጋዴ ደውሎ «ያ የነገርኩሽ የሌላ ሰው ጉዳይ ነበር» አላት። ቢፍቱ «እሺ» ብላ ዘጋችና ማስታወሻውን ሰረዘችው። ወረቀት ሲዋሽ ለማየት እንጂ ራሷ እንዲህ በጥርጣሬ ለመታየት አልለመደችም ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቋሚ ኮሚቴው በረቂቁ ላይ ከሕዝብ ጋር ለመወያየት አሰላ እንደሚመጣ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ቢፍቱ ማስመሪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ በጠዋት አዳራሹ ደረሰች። በሩ ላይ የሚታደለው ረቂቅ ኖህ ጋ እንዳገኘችው አይደለም፤ ሁለት ዓምድ ነው፣ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን፣ ፊደሉም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት። ተናጋሪዎች ስለ ሰላም ሲናገሩ እሷ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መስመር በመስመር ወረደች። አንቀጽ አሥራ ሰባት ላይ ደረሰች። አማርኛው «ወይም» ይላል። ኦሮምኛው «ፊ» ይላል።

«ፊ» ማለት «እና» ማለት ነው። ፈቃድ እና ሦስት ሽማግሌ። ወረቀቱ የተቃጠለበት ሰው ሺህ ሽማግሌ ቢያቆም አይጠቅመውም ማለት ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ደግሞ የሚጸናው ኦሮምኛው ነው። ኢርሻድ በእሷ ቃል ሦስት ሰው ፊት ወጥቶ «አለኝ» ብሏል።

እጇን አነሳች። መድረኩን የሚመሩት የኮሚቴው አባል አቶ ቦንሳ ይባላሉ፤ ጠይም፣ ረጋ ያሉ፣ ድምፃቸው የሬዲዮ የሚመስል ሰው ናቸው።

«አንቀጽ አሥራ ሰባት፣ ንዑስ አንቀጽ ሁለት» አለች ቢፍቱ ቆማ። «ኦሮምኛው ‹ፊ› ይላል፣ አማርኛው ‹ወይም› ይላል። የትኛው ነው?»

አዳራሹ ውስጥ የገጽ መገለባበጥ ድምፅ ተሰማ። አቶ ቦንሳ አነበቡ፤ ወደ ጎን ዞረው ከአንዱ ጋር ተንሾካሾኩ።

«የትየባ ስህተት ነው» አሉ።

«ስህተቱ የቱ ላይ ነው?»

«ይታያል።»

«ሲጋጩ የሚጸናው ኦሮምኛው እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ» አለች። «እውነተኛው አማርኛው ከሆነ ኦሮምኛው ይታረም። እውነተኛው ኦሮምኛው ከሆነ ግን አማርኛውን ያነበበ ሰው ተታሏል፤ ብዙ ሰው ተታሏል። አንዱን ዛሬ ቢነግሩን።»

ከኋላ ማጉረምረም ተነሳ። አቶ ቦንሳ ፈገግ አሉ። «ጥሩ አስተያየት ነው፣ ተይዟል። ስምዎን ቢነግሩን?»

ነገረች። ጸሐፊው ጻፈ። «የሚኖሩበትስ ሰፈር?» ከእሷ በፊት አሥር ሰው ተናግሯል፤ ሰፈሩን የተጠየቀ ግን አንድም አልነበረም። ቢፍቱ ይህን በልቧ ያዘች። ሰፈሯንም ነገረች፤ መደበቅ የባሰ መስሎ ታያት።

ስብሰባው ሲበተን ቀጭን፣ የላፕቶፕ ቦርሳ ያነገበ ሰው በሩ ላይ ደረሰባት። እዮኤል እባላለሁ አላት፤ ረቂቁን ካዘጋጁት ባለሙያዎች አንዱ ነው።

«ወይዘሮ ቢፍቱ፣ አማርኛውን ከዚህ ቀደም ለብቻው አይተውት ነበር?»

«እዚህ የታደለኝን ነው ያነበብኩት።»

«ማስመሪያ ይዘው ነው የመጡት» አለ ወደ ቦርሳዋ እያየ።

«ልማድ ነው።»

«ጥሩ ልማድ ነው» ብሎ ሄደ።

ቤቷ እስክትደርስ ያን ቃል ስታገላብጠው ሄደች። ምስጋና ይሁን ማስፈራሪያ አልለይ አላት። የኖህን ቅጂ አውጥታ ሰባተኛውን ገጽ ደግማ አየችው። ይህ ገጽ በኋላ የገባ ነው። ግን ማን አስገባው? «ወይም» ያለው ሰው ለሕዝቡ አዝኖ ነው ወይስ ሕዝቡ መሣሪያውን ይዞ እስኪወጣ ድረስ ሊያረጋጋ? ሁለቱንም አሰበችው፤ ሁለቱም ሊሆን የሚችል መሰላት።

ለኢርሻድ በስልክ ልትነግረው አልፈለገችም። በማግስቱ የጎበሳ ሚኒባስ ተሳፈረች። ስትደርስ ኢርሻድ አውድማው ላይ ነበር፤ ሚስቱ ከዲጃ ገለባ ትሰበስባለች። ቢፍቱ ወንድሟን ወደ ባሕር ዛፎቹ ጥግ ወስዳ ሁለቱን ወረቀቶች አሳየችው። ኢርሻድ አማርኛ ማንበብ ይከብደዋል፤ በቁቤ ፊደል የተጻፈውን ኦሮምኛ ግን አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አልመለሰላትም።

«ሦስት ምስክር ይበቃል ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አላት።

«ረቂቅ ነው ብዬሃለሁ።»

«አንቺ ነሽ ያልሽኝ» አለ ደግሞ። «እኔ ሽማግሌ ቤት የሄድኩት በአንቺ ቃል ነው። አሁን አገሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ጥያቄውን አዳራሽ ውስጥ አንስቻለሁ። መልስ እስኪሰጡ…»

«አዳራሽ?» ኢርሻድ ቀና ብሎ አያት። «ስምሽን ጠየቁሽ?»

ቢፍቱ ወረቀቱን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች።

«የአባባን ስም ነገርሻቸው?»

«ስሜ ቢፍቱ ሁሴኖ ነው፤ ምን ልበል ነበር?»

ኢርሻድ ወረቀቱን አጥፎ መለሰላት። ቆይቶ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለማንኛውም ነገሩ የለም» አለ። «ሸጬዋለሁ።»

«መቼ?»

«ባለፈው።»

«ለማን?»

«ለሰው።»

ቢፍቱ የወንድሟን ውሸት ከልጅነቱ ታውቀዋለች፤ ሲዋሽ ቀኝ ጆሮውን ይነካል። አሁንም ነካው። የጎዳት ውሸቱ አይደለም፤ ውሸቱን የተናገረው ለእሷ መሆኑ ነው። ከዲጃ ምሳ ብሉ ብላ ብትጠራቸው ቢፍቱ መኪና ያመልጠኛል ብላ ወደ ጎበሳ ወረደች። መኪናው የሄደው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፤ እዚያው ተቀምጣ ጠበቀች።

አሰላ ስትደርስ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ደብዳቤ ጻፈች። አንድ ገጽ ብቻ ነው። ሁለቱን መስመሮች በሁለቱም ቋንቋ ገለበጠች፤ ከሥራቸው ወረቀታቸው የጠፋባቸው፣ የተቃጠለባቸውና ከፈረሰ መሥሪያ ቤት የወረሱ ሰዎች በ«ፊ» ምን እንደሚሆኑ፣ በ«ወይም» ምን እንደሚሆኑ በአጭሩ አስረዳች። የወንድሟን ነገር አላነሳችም። በፖስታ ልላከው ብትል የሚደርስ አልመሰላትም፤ በሰው ልላከው ብትል ማንን? ስለዚህ በኢተያና በዴራ አድርጋ ራሷ አዳማ ወረደች። ዴራ ላይ ሙቀቱ ሲቀበላት የአሰላን ሹራብ አውልቃ ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ ደብዳቤውን ግን ከእጇ አላወጣችም።

የጨፌው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ክፍል ያገኘችው አክመል የሚባል ወጣት ደብዳቤውን ተቀብሎ ከሌሎች ወረቀቶች ላይ ሊያኖረው ሲል፣ ቢፍቱ ሁለተኛውን ቅጂ ዘረጋችለት።

«እዚህ ላይ ገቢ ቁጥርና ማኅተም።»

«እናቴ፣ አያስፈልግም፣ ይደርሳል።»

«ልጄ፣ እኔም እንደ አንተ መዝገብ ቤት ነበርኩ። ሳይመዘገብ የሚደርስ ደብዳቤ አላየሁም።»

አክመል ሳቀ፤ መዘገበ፣ ማኅተሙንም መታላት። ከዚያ በኋላ ቢፍቱ በየማክሰኞው ገቢ ቁጥሩን ይዛ ትደውላለች። መልሱ ሁልጊዜ «በሂደት ላይ ነው» ነው። አንድ ማክሰኞ ሌላ ሰው አነሳና «እርስዎ ማን ነዎት? ይህን ጉዳይ ለምን ይፈልጉታል?» አላት። በሚቀጥለው ማክሰኞ ከመደወሏ በፊት ስልኩን ጥቂት ቆማ አየችው፤ ከዚያ ደወለች።

ጾሙ ገብቶ ወጣ። ከዒዱ ሁለት ሳምንት በኋላ የጠዋቱ ዜና አዋጁ በአብላጫ ድምፅ እንደጸደቀ ተናገረ። ምን እንደሚል አልተነገረም። በዚያው ቀን ገበያው በወሬ ተሞላ፤ ቤት ለቤት ፍተሻ ሊደረግ ነው የሚሉ አሉ፣ አንድም አይነካም የሚሉ አሉ። ቢፍቱ ለኢርሻድ ደወለች፤ አላነሳም። ለከዲጃ ደወለች። ከዲጃ «ደህና ነው» አለችና ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረች፤ «በየቀኑ እየተነሳ ከበረቱ ጀርባ ይሄድና አንድ ቦታ አይቶ ይመለሳል። ውሻው እንኳ ጠረጠረ። ሸጥኩት ማለቱን አትመኚው።»

«አላመንኩትም» አለች ቢፍቱ።

አዋጁ ጸድቋል ማለት ግን ቢፍቱ ዘንድ ገና ሕግ ሆኗል ማለት አልነበረም። ታትሞ ካላየችው የለም። በየሳምንቱ ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቷ ትሄዳለች። በእሷ ቦታ የተተካችው ሂባ ትሑት ልጅ ናት፤ ስትመጣ ወንበር ትስብላታለች። በሰባተኛው ሳምንት ሂባ በሩ ላይ ስታያት «መጥቷል» አለቻት።

ቢፍቱ ማስመሪያዋን አውጥታ መጀመሪያ ገጹን ቆጠረች። ከዚያ አንቀጽ አሥራ ሰባትን ገለጠች። አንቀጽ አሥራ ሰባት ስለ ማከማቻ ነው የሚያወራው። ውርሱ የለም ማለት ነው? ጣቷን እያስኬደች ወረደች፤ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ። አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ፣ ንዑስ አንቀጽ ሁለት። አማርኛው «ወይም» ይላል። ማስመሪያውን ወደ ጎን ገፋች። ኦሮምኛው «ዮኪን» ይላል። ወይም።

ሂባ «ምነው፣ ውሃ ላምጣልዎት?» አለቻት።

«ቆይ» አለች ቢፍቱ። ደስታው ገና አልተሰማትም። አንድ ነገር ከሰጡ በምትኩ የወሰዱት ይኖራል ብላ ሃያ አራቱንም ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበች፤ ደግማም አነበበች። ያገኘችው ሁለት ነገር ነው። ምስክሮቹ በዚያው ቀበሌ የተመዘገቡ ነዋሪዎች መሆን አለባቸው። ምዝገባውም አዋጁ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በዘጠና ቀን ውስጥ ይጠናቀቃል። ቀኑን አየች፤ ጋዜጣው አሰላ ሳይደርስ ሃያ ሦስት ቀን አልፎታል።

አዳማ ደወለች። ያነሳው ሰው እዮኤል ነኝ አለ። ቢፍቱ ስሟን ነገረችው።

«አንቀጹ ተስተካክሏል» አለችው። «በደብዳቤዬ ነው?»

«ብዙ አስተያየት ነበር የመጣው፣ ወይዘሮ ቢፍቱ።»

«መጀመሪያ የተጻፈው የትኛው ነበር? ‹ፊ› ነው ወይስ ‹ወይም›?»

«አሁን የወጣው የወጣው ነው» አላት። ድምፁ ውስጥ ሳቅ ያለ መሰላት፤ ግን እርግጠኛ አልነበረችም። እስከ ዛሬም አይደለችም።

ሂባ ባለ ማኅተም ቅጂ ሰጠቻት። ቢፍቱ እንደገና ጎበሳ ወጣች። በዚህ ጊዜ ኢርሻድን ጥግ አልወሰደችውም፤ ቤቱ ውስጥ፣ ከዲጃ ባለችበት፣ ጋዜጣውን መደቡ ላይ ዘረጋችው። ኢርሻድ የኦሮምኛውን ዓምድ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ሦስት ጊዜ አነበበው።

«ይህ ማኅተም የማን ነው?»

«የመሥሪያ ቤቱ።»

«አንቺ የነበርሽበት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ራስሽ ያስመታሽው ቢሆንስ?»

ከዲጃ «ኢርሻድ» አለችው። እሱ ግን ዓይኑን ከቢፍቱ ላይ አላነሳም። ቢፍቱ ልትቆጣ ፈለገች፤ አልቻለችም። እሱ የጠየቀው እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትጠይቅ የኖረችውን ነው።

«ወረዳው ሂድና የራሳቸውን ቅጂ ጠይቅ» አለችው። «ከዚህኛው ጋር አስተያየው። አንድ ፊደል ከተለያየ አትመነኝ።»

ኢርሻድ ሄደ። እንዳስተያየ የነገራት ከዲጃ ናት፤ እሱ ራሱ አልደወለም። ቀኑ እየነጎደ ሄደ። አሰላ ላይ ቢፍቱ ቀድሞ የሸሿትን ሰዎች በየመንገዱ ስታገኝ «አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ፣ ዘጠና ቀን» ትላቸዋለች። አንዳንዱ ያመሰግናል፣ አንዳንዱ «ለምን ለእኔ ትነግሪኛለሽ?» ብሎ ያልፋል። አስያ ብቻ የሱቋ መስኮት ላይ ወረቀት እንድትለጥፍ ፈቀደችላት።

ዘጠናው ቀን ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ኢርሻድ ደወለ። «ማክሰኞ ጎበሳ ነይ» አላት፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር።

በወረዳው ፖሊስ ግቢ ውስጥ ሰልፉ እስከ አጥሩ ደርሷል። ሰዎቹ በማዳበሪያ ጆንያ፣ በጋቢና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘው ቆመዋል፤ አንዱ የአንዱን ጥቅል ላለማየት ሁሉም ወደ መሬት ያያል። ኢርሻድ ከሦስቱ ሽማግሌዎች ጋር ቆሟል። ቢፍቱን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ፤ ቦታ ለቀቀላትና አጠገቡ ቆመች። «ሸጬዋለሁ» ያለውን ነገር ሁለቱም አላነሱትም።

ተራቸው ሲደርስ አብረው ገቡ። መዝጋቢው ፖሊስ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀ፤ አንዱ «የሁሴኖን ምንሽር? እኔ ሳልወለድ የነበረ ነው» አሉና መዝጋቢው ጽሑፉን አቁሞ አያቸው። ከዚያ ጥቅሉ ተፈታ። ቢፍቱ የአባቷን ነገር ካየችው ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። እንጨቱ ጠቁሯል፤ ብረቱ ላይ አፈር አለ፣ ዘይት ተቀብቷል።

«የመሣሪያው ቁጥር?» አለ መዝጋቢው።

ኢርሻድ አፉን ከፈተና ቆመ። ወደ ቢፍቱ ዞረ።

«እስቲ ውጭ ጠብቂኝ» አላት፤ ቁጥሩ እሷም ጋ እንዳይመዘገብ የፈለገ ይመስል።

መዝጋቢው ግራ ገብቶት ሁለቱን ተራ በተራ አየ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳላቸውን መለሱ። ቢፍቱ ቦርሳዋን አንስታ ወጣችና ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም ነበር። ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቁጥሩን አንድ በአንድ ሲናገር ከውስጥ ይሰማል። እሷም ጆሮዋን አልጣለችም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ግን ከአራተኛው ቁጥር በኋላ የሰልፈኞቹ ጫጫታ ዋጠው።